ሳልጭራት የከፈትኳት ካሴት

የንስሐ አባቴ ስለ እኔ ያላወቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም። መስከሬን፣ መዋሸቴን፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ ፋሲካን ለየብቻ መፈሰካችንን፣ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። አንዷን ግን በየዓመቱ እስከ ምላሴ ጫፍ አምጥቼ እመልሳታለሁ። ሚስቴም አታውቃትም። «አባ፣ የጌም ካሴት ነበረች» ብዬ እንዴት ልጀምር? ይሳቁብኝ? ለራሴ ስሰጠው የኖርኩት ሰበብ ይህ ነው። እውነቱን ካወጣሁት ግን የፈራሁት እንዳይስቁብኝ አልነበረም፤ ሳይስቁ ዝም ብለው እንዳያዩኝ ነበር።

ስለዚህ ለማላውቃችሁ ልናገር። እናንተም አታውቁኝም፣ መንገድ ላይ ብንገናኝ ፊታችሁን አላይም፤ ለጊዜው ይህ ይቀለኛል። ይቀለኛል ማለቴ ግን ይገባኛል ማለቴ አይደለም።

ጳውሎስ አካባቢ፣ ከሆስፒታሉ ዝቅ ብለው ከተደረደሩት ፋርማሲዎች መሀል ትንሽ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከስልክ ሌላ አንድ ሥራ ተጨምሮልኛል። ሰው አሮጌ የጌም ካሴቱን ከቁም ሣጥን ሥር እያወጣ ያመጣልኛል። ልጆች ሳለን ማሽኑ ላይ እየሰካን የምንጫወትባቸው፣ መዳፍ የሚያህሉት የፕላስቲክ ካሴቶች። «ትሠራ እንደሆነ እይልኝ፤ አደራ እንዳትሰብራት» ይሉኛል። ካሴቶቹ ደግሞ እንዲከፈቱ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ብሎኗ ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች፣ ዙሪያዋ ጥርስ ጥርስ ነው፣ ያገኘነው ካቻቢቴ ሁሉ አይዛትም። ሰው ይናደድና ጠርዙን በቢላ ይፈለቅቀዋል፤ ካሴቷ ትከፈታለች፣ ግን ተጫጭራና ተሰነጣጥቃ።

እኔ የምከፍትበት ዘዴ ሌላ ነው። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ እወስድና የቀፎውን ጫፍ በላይተር አለሰልሳለሁ። ትኩስ እንዳለ ብሎኗ ላይ ጫን አድርጌ እስኪቀዘቅዝ እይዘዋለሁ። ፕላስቲኩ የብሎኗን ጥርስ ቅርጽ ይዞ ይደርቃል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ብሎኗ ከወጣች በኋላም አይፈለቀቅም። ላይኛው ጠርዝ ላይ ሁለት መንጠቆ ስላለ ሽፋኑን ወደ ታች ሳብ ካደረጉት ራሱ ይለቃል። አንድ ጭረት አይወጣበትም፤ ሲዘጋ ተከፍቶ ነበር ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ባለፈው ሰሞን ከጎኔ ካለው ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ የልጅነት ካሴቷን ይዛ መጣች። ፊት ለፊቷ ከፍቼ፣ ጠርጌ፣ ዘጋሁላት። ካሴቷን እያገላበጠች አየቻትና «ሳሚ፣ እጅህ ይባረክ! ይሄን ከየት ተማርከው?» አለችኝ። «ከልጅነቴ ነው» ብዬ አለፍኩት። ስሰርቅ ነው የተማርኩት ማለት ነበረብኝ። ስንት ሰው «እጅህ ይባረክ» ብሎኛል? ስንቱን አሜን ብዬ ተቀብያለሁ? የዚያን ቀን ግን አሜን ማለት አቃተኝ፤ ሱቁን ሳይመሽ ዘግቼ ወጣሁ።

ያደግሁት ቁስቋም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ዳገቱ ላይ። እኛና እነቢኒ ግድግዳችን አንድ ነበር። የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ እነሱ ቤት ያነጠሰ ሰው እኛ ቤት «ይማርህ» ይባላል። ቢኒ እኩያዬ ነው። ለትምህርት ዊንጌት ድረስ አብረን ወርደን አብረን እንመለስ ነበር። እናቱ እትዬ አስካለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ ከዚያ በየበዓሉ መምጣት ጀመረ፣ በመጨረሻ ድሬዳዋ ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። ከመቅረቱ በፊት በመጨረሻው ጉዞው ለቢኒ አንድ የጌም ማሽንና አንድ ካሴት አመጣለት። ቢኒ የካሴቷን ጀርባ በእናቱ የጥፍር ቀለም ስሙን ጻፈበት።

ጌሙ ቀይ ካባ የለበሰ ልጅ ከዋሻ ዋሻ እየዘለለ ቁልፍ የሚሰበስብበት ነበር። ሲጀምር አንዲት አጭር ዘፈን ትመጣለች፤ መጨረሻዋ ላይ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። እኔም ወንድሜ የገዛልኝ ማሽን ነበረኝ፣ ያለችኝ ካሴት ግን አንዲት የኳስ ጌም ነበረች፤ እሷም ሞታለች። በእስክሪብቶ መክፈትን የተለማመድኩት እሷ ላይ ነው፣ ግን አላዳንኳትም። ስለዚህ ከቢኒ ቤት አልጠፋም። ቢኒ ስስታም አልነበረም። «አንድ ነፍስ ለእኔ፣ አንድ ነፍስ ላንተ» እያለ እኩል ያጫውተኝ ነበር። ይህንን የምነግራችሁ ተከልክሎ፣ ተበድሎ ነው እንዳትሉልኝ ነው። አልተከለከልኩም። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነፍስ ሳልጠብቅ ብቻዬን መጫወት ነበር።

ቢኒ በዚያ ዓመት ትምህርቱ አሽቆለቆለ። አባቱ የሄደበት ልጅ ሌላ ምን ያድርግ? ከማሽኑ ፊት አይነሳም። እትዬ አስካለ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አዩት። «ክፉ መንፈስ ልጄን ይዞብኛል» አሉ። አንድ ቅዳሜ ቁስቋም ወጥተው ጠበል በሃይላንድ ቀድተው መጡና ቤቱን ረጩ፤ አልጋውን፣ ደብተሮቹን፣ ማሽኑንም። ቢኒ ከውጭ ሲገባ ማሽኑ ላይ ውሃ አየ። ካሴቷን ነቅሎ፣ ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ ወደ እኔ ሮጦ መጣ።

«ሳሚ፣ ውሃ ነክቷታል! ልሰካት ፈራሁ። ክፈትና አድርቅልኝ» አለኝ።

«ደጅ ጠብቀኝ፤ ሰው ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩት። ይህኛው ገና ውሸት አልነበረም።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እስክሪብቶዬን ሻማ ላይ እያለሰለስኩ ድምፁን እሰማዋለሁ። «ቁስቋም ማርያም፣ ካሴቷን ካዳንሽልኝ ጧፍ ይዤ እመጣለሁ። እግርሽን እስማለሁ። አዳኛት ብቻ» ይላል። ያ ልጅ የሚሳለው ጠበሏ አበላሸብኝ ላላት ለራሷ ለማርያም ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ይህን ስለት እየሰማሁ ነው የከፈትኳት።

ከፈትኳት። ሳልጭራት ከፈትኳት። ከዚያ በፊት እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም፤ በኩራት ፊቴ ሞቀ። ውስጧን አየሁ። ደረቅ ነበር። ትንሽ አቧራ እንጂ የውሃ ምልክት የሚባል የለም። ድምፁን አጥፍቼ ማሽኔ ላይ ሰካኋት፤ ባለ ቀይ ካባው ልጅ ወጣ። ድና ሳይሆን መጀመሪያውኑም አልታመመችም። አሁን ያለብኝ በሩን ከፍቼ «ቢኒ፣ ደህና ናት» ማለት ብቻ ነበር።

አላልኩም። የኳሷ ካሴት ሬሳ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተከፍታ ተኝታለች። ጌሙን የሚይዘውን የሷን የሞተ ቦርድ አውጥቼ የቢኒ ስም ያለበት ሽፋን ውስጥ አስገባሁ። የቢኒን ቦርድ ደግሞ የኳሷ ሽፋን ውስጥ ደበቅኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ስንት ጊዜ አሰብኩበት? አላሰብኩበትም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አሰብኩበት። እንዲያውም ቢጠረጥርስ ብዬ ጣቴን በምራቄ አረጠብኩና የሽፋኑን ውስጠኛ ጎን ቀባሁት። ጠበል ያልነካትን ካሴት በምራቄ አረጠብኳት። ከስርቆቱ ይልቅ ይህ ነው እስከ ዛሬ እጄ ላይ ያለው።

በሩን ከፈትኩና ሽፋኑን ብቻ አሳየሁት። «ውሃው ገብቶባታል። ተቃጥላለች» አልኩት። ጣቱን ሰድዶ እርጥበቱን ነካው። ካሴቷን ዘጋሁለትና ይዟት ሄደ።

ከዚያ በግድግዳው በኩል ሁሉንም ሰማሁ። «ሆን ብለሽ ነው!» ይላል ቢኒ እያለቀሰ። «እሱ ስላመጣት ነው! እሱን ስለጠላሽው ነው!» እትዬ አስካለ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ልጄ፣ ጠበል እኮ ነው። ጠበል ምን ያደርጋል ብዬ ነው።» «አቃጠልሽብኝ! የሱን ነገር በሙሉ አቃጠልሽብኝ!» ካሴቷን በእጄ ይዤ ነበር የምሰማው። ያን ጊዜም ብወጣ ይደርስ ነበር። የልጅ ሌብነት ነው ተብሎ፣ በቀበቶ ተገርፌ፣ ሁለቱም ምሽቱን አብረው ራታቸውን ይበሉ ነበር። ልጅ ነበርኩ ልበላችሁ? በር ዘግቼ፣ ቦርድ ቀይሬ፣ ማስረጃ በምራቅ የሠራሁ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ቢኒ እናቱን ማናገር ተወ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወ፤ ስለቱን አልሰማችኝም ብሎ። ስለቱ ግን ሰምሮ ነበር። መልሱን በር ላይ ቆሜ የወሰድኩበት እኔ ነኝ። ትምህርት ሲዘጋ ለክረምት ብሎ ወደ አባቱ ድሬዳዋ ሄደና በዚያው ቀረ። የሞተችውን ካሴትም ይዟት ሄደ። ሲሰናበተኝ አንገቴን አቅፎ «የሞከርክልኝ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። እኔም አቀፍኩት።

ከዚያስ? ከዚያማ ተጫወትኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ቢኒ ሳይሄድ ጭምር፣ ከቤት መውጣቱን እያየሁ ተጫወትኩ። ክረምቱ ሳያልቅ ጌሙን ጨረስኩት። ከዚያ ሰለቸኝ። አንድን እናትና ልጅ የለያየሁበት ነገር ሰለቸኝ። ካሴቷን ካርቶን ውስጥ ጣልኳት።

እትዬ አስካለ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ደግሞ እሳቸውን መርዳት ጀመርኩ። ሬዲዮናቸው ሲበላሽ እኔ ነኝ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የማመላልሰው እኔ ነኝ፣ ዲሻቸውን ጣሪያ ላይ ወጥቼ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ሰፈሩ «አስካለ ልጇ ቢሄድ እግዜር ሳሚን ሰጣት» ይላል። እናቴ በኩራት ትስቃለች። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ከልቤ ነው፤ እወዳቸዋለሁ። ግን የሰው ልጅ አባርሮ በቦታው መቀመጥ ምን ይባላል? ቢኒ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ድሬዳዋ ይኖራል። ለበዓል ይደውላል። አልፎ አልፎ ሲመጣም ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። ከእሳቸው ቤት ወጥቶ እኔ ጋ ሲመጣ ግን ይስቃል፣ ያወራል፣ ያመሻል። ያ ሳቁ ሁልጊዜ ይከብደኝ ነበር።

ያቺ የፋርማሲ ልጅ እጄን ከመረቀች በኋላ ባለው እሑድ የኳሷን ሽፋን የለበሰችውን ካሴት ይዤ ቁስቋም ወጣሁ። እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው» አልኳቸው።

«ቁጭ በላ። ቆመህ የምትናገረው ምን ነገር ነው?»

ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ካሴቷን፣ ቦርዱን፣ ምራቄን። ስናገር አላዩኝም፣ ምስራቸውንም መልቀም አላቆሙም። ስጨርስ ቀና አሉ።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

በአፋቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ያቺን ዘፈን። አንድ ቦታ እንኳን ሳይስቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ድረስ።

«ቢኒ ገና ሳይሄድ ነው የሰማኋት» አሉ። «በዚህ በኛው ግድግዳ። ድምፁን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስፌት ላይ ተጎንብሼ እውላለሁ እንጂ ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ልጄ ሲያስጮሃት የከረመውን ዘፈን አጣታለሁ?»

ቢኒ እንዳይሰማ እጠነቀቅ ነበር። እሳቸውን ግን እንደ ሰሚ ቆጥሬያቸው አላውቅም። ለጌም ዘፈን ጆሮ ያላቸው አልመሰለኝም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? አባቱ ሄደበት። እኔን ጠላኝ። የቀረኸው አንተ ነህ። ጓደኛህ ሌባ ነው ብዬ አንተንም ልንጠቅበት? እ... ማለቴ፣ እኔ እናቱ ነኝ፤ ቢያኮርፈኝ፣ ቢያኮርፈኝ የት ይሄዳል ብዬ ነዋ!» ሰፌዱን አንዴ ነፋ አደረጉት። ገለባው ቀሚሳቸው ላይ ወደቀ። «ሄደ» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር፤ እንዲያባርሩኝ፣ ውሃ ያመላለስኩበትን ጀሪካን ፊቴ ላይ እንዲወረውሩት። «ሳልምርህ ያደርኩበት ቀን የለም፤ አንተም ልጅ ነበርክ» አሉኝ። ሳልጠይቃቸው፣ ሳይነገራቸው፣ ገና ያኔ ምረውኛል። ይህንን እንዴት ልቻለው? ጀሪካኑን ይዤ ስገባ «ተባረክ» ሲሉኝ ሁሉ ያውቁ ነበር።

ለቢኒ ልነግረው ነው ስላቸው ግን ደነገጡ።

«ተው። አሁን ምን ይጠቅማል? ከአፉ አትጠፋም እኮ፤ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሳሚ እንዴት ነው ብሎ ነው። እኔስ ለምጄዋለሁ።»

«እርስዎ ስለለመዱት ነው የምነግረው። ከእንግዲህ በእርስዎ አልደበቅም፣ እትዬ።»

ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ። ከዚያ «እንግዲያው እዚሁ፣ እኔ ባለሁበት ንገረው» አሉኝ። «ብቻህን እንዳትሆን።»

ያን ጊዜም ያሰቡት ለእኔ ነበር።

በማግስቱ ለቢኒ ደወልኩለት። ለኅዳር ቁስቋም ና፣ እናትህ ጋ አብረን እንዋል አልኩት። ንግሥ አይወድም፤ ያመነታል። «ያቺ ካሴት አለች?» አልኩት።

«እንዴ! ቴሌቪዥኑ አጠገብ ናት። ልጆቹ ሊወረውሯት ሲሉ ስንቴ ተጣልተናል መሰለህ።»

«ይዘሃት ና።»

«ምነው፣ ልትሠራት ነው? አንተ እኮ አትተወኝም!» ብሎ ሳቀ። እመጣለሁ አለኝ።

ነገ ይገባል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ነገ ፊቱን ሳይ አፌ ዘዴ እንዳይፈልግ ነው። ራሴን አውቀዋለሁና፤ ከተውኩት «ልጅ ነበርን» ብሎ ይጀምራል፣ «እናትህም ይቅር ብለውኛል» ብሎ ይቀጥላል። የእሳቸውን ምሕረት ጋሻ አድርጌ አልገባም። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬም አልጀምርም። ይቅርታ ብለምነው ከእሱ ሌላ ነገር ልወስድ ነው፤ የወሰድኩት ይበቃኛል። ቢፈልግ ይማታ፣ ቢፈልግ ከበር ይመልሰኝ። እኔን ካጣ ግን እናቱን ያገኛል፤ ያኔ መደረግ የነበረበት ልውውጥ ይህ ነበር። እናንተም የማታውቁኝ ሆይ፣ አትፍረዱልኝ። አባም ከእሱ ቀጥሎ ይሰማሉ፤ ቢስቁም ባይስቁም።

ባዶ እስክሪብቶና ላይተር ኪሴ ውስጥ ናቸው። የእሱንም ቦርድ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። በእትዬ አስካለ ጠረጴዛ ላይ የጥፍር ቀለሙ ያለበትን ሽፋን፣ ሳልጭረው፣ እከፍተዋለሁ። በዚህ ጊዜ ግን ደጅ ጠብቀኝ አልለውም፤ እጄ ቢንቀጠቀጥም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየዋል። ከዚያ እናቱ እየሰሙ፣ ያን ቅዳሜ በር ከፍቼ ልነግረው የሚገባኝን እነግረዋለሁ።

«ቢኒ፣ ውስጧ ደረቅ ነበር።»